ሳንቃ በር ላይ የተከፈተው ኮፈን

መኪና እየነዱ ሳለ ኮፈኑ ድንገት ተነሥቶ የፊት መስታወቱን ቢሸፍንብዎ ምን ያደርጋሉ? ለእኔ ይህ ጥያቄ የቀረበልኝ በመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ አይደለም። በሰሜን ተራሮች፣ አንዱ ጎኑ ቋጥኝ ሌላው ጎኑ ገደል በሆነ ጠጠር መንገድ ላይ ነው። ለማሰቢያ የተሰጠኝ ጊዜም ሁለት ሴኮንድ አይሞላም።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም ጥምቀትን ጎንደር ካከበርን በኋላ ነው። ባለቤቴ፣ የወንድሜ ልጅና እኔ ከአባቴ በወረስኳት አሮጌ ላንድሮቨር ተሳፍረን ጭላዳና ዋልያ ልናይ ወደ ሳንቃ በር እንወጣለን። ደባርቅ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፍለን፣ እንደ ደንቡ ጠመንጃ ያነገቱ አንድ ስካውት አሳፍረናል። ሰውየው ዕድሜያቸው ከስልሳ የማያንስ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ ዝምተኛ የሰሜን ሰው ናቸው። ከጎኔ ተቀምጠው ከእኔ ይልቅ መንገዱን ያያሉ።

ሳንቃ በር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ አንድ ጠርዝ ላይ ብቅ ስንል ነፋሱ ፊት ለፊት ተቀበለን። ወዲያው ጎማው ጉድጓድ ገባና ከኮፈኑ ሥር “ቀጭ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁት አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው። ኮፈኑ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

“ወደ ግራ! ወደ ግራ ልጄ! በቃ፣ ቁም!” ስካውቱ አንገታቸውን በጎን መስኮት አውጥተው ይጮሃሉ። መሪውን እንዳሉኝ አዙሬ ፍሬኑን ረገጥኩ። ስንወርድ የቀኙ ጎማ ከገደሉ አፍ የቀረው አንድ እርምጃ ተኩል ነበር።

ይህን የማነሣው ድንጋጤዬን ላካፍላችሁ ብዬ አይደለም። የድንጋጤው ምክንያት መዳፍ የምታክል ብረት ስለሆነች ነው፤ የኮፈን ማጠፊያ። ያቺን ብረት በአገር ቤት ያሠራኋት እኔ ነኝ። ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ደባርቅ እንደገና አሠራኋት፤ ይህን ስጽፍ ያቺ ሁለተኛዋ ሥራዋ ላይ ናት። ሁለቱም በእጅ የተሠሩ ናቸው። አንዷ ልትገድለን ለምን እንደደረሰች፣ ሌላዋ እስከ ዛሬ ለምን እንደቆየች ላስረዳ።

“ለጊዜው” የተሠራች ብረት

ላንድሮቨር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም በተካሄደ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር፣ ሠሪዎቹ የመኪናዋን አካል አብዛኛውን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። አጥንቷ (ሻንሲዋ) ብረት፣ ቆዳዋ አሉሚኒየም ማለት ነው። የእኔዋ ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተመረተው ሦስተኛው ትውልድ ናት። ኮፈኗ ከመስታወቱ ሥር በሁለት ማዕዘን ላይ ባሉ ሁለት ማጠፊያዎች ይዞራል፤ ከፊት ደግሞ በአንድ መያዣ ይቆለፋል። ብዙዎቹ ትርፍ ጎማቸውን የሚሸከሙት እዚያው ኮፈኑ ላይ ነው።

የቀኙ ማጠፊያ ቀዳዳ በዘመን ብዛት ተበልቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ሁለት ቅዳሜ ዞርኩ። የዚህችን መኪና ፍሬንም ካምቢዮም ማግኘት ይቻላል፤ የኮፈን ማጠፊያ ግን ማንም ለሽያጭ ብሎ አያስመጣትም። ስለዚህ አንድ ጋራዥ ሄድኩና “ሥራልኝ” አልኩ።

ባለሙያው ከተጣለ ባሌስትራ ላይ ቁራጭ ቆረጠ፤ ቱቦ በየደበት፤ ገና እሳት እያለ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከረው። “ይኼ ብረት መኪናዋን ይቀብራታል” አለኝ። እኔም የጥምቀት ጉዞዬ ደርሶብኝ ስለነበር “ለጊዜው ከሆነ ምን ችግር አለው” ብዬ ከፈልኩ። ጥፋቱን በእሱ ብቻ አላላክክም። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ አንድ ሰነድ “ለጊዜው” ብዬ ባልፍ ስንት ዓመት ፋይል ውስጥ እንደሚቀመጥ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ለወረቀት የምጠነቀቀውን ያህል ለብረት አልተጠነቀቅሁም።

በዚህ ላይ የራሴን ብልሃት ጨመርኩበት። አዲሱ ማጠፊያ እንዳይከብደው ብዬ ትርፍ ጎማውን ከኮፈኑ ላይ አውርጄ ከኋላ ጫንኩት።

ጠንካራው ብረት ለምን ተሰነጠቀ?

ብዙዎቻችን “ጠንካራ” እና “የማይሰበር” አንድ ይመስሉናል። ብርጭቆ ከሚስማር ይጠነክራል፤ ግን መሬት ላይ ቢወድቅ የሚሰበረው ብርጭቆው ነው።

ባሌስትራ ከመቶ ግማሽ እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ካርቦን ያለበት ብረት ነው። ለግንባታና ለመስኮት የምንጠቀምበት ተራ ብረት ግን ካርቦኑ ከመቶ ሩብ እጅ አይሞላም። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ብረቱ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ግን ጉዷ ይወጣል። ካርቦን የበዛበት ብረት ሲበየድና ወዲያው ሲቀዘቅዝ፣ ከብየዳው ጎን ያለችው ቀጭን መስመር እንደ መስታወት ደረቅ ትሆናለች። ውኃ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ እዚያው ዕለት ይጀምራል፤ የቀረውን መንገዱ በንዝረት ይጨርሰዋል።

የእኔም የተሰነጠቀችው ልክ እዚያ ነው። ብየዳው ራሱ አልተላቀቀም፤ ከጎኑ ያለው ብረት ነው እንደ ቢላዋ የተቆረጠው። የኮፈኑ የኋላ ማዕዘን ሲለቅ ኮፈኑ ወደ ጎን ተጣመመ፤ ሲጣመም የፊቱን መያዣ ከጉጡ አወጣው። ነፋሱ የቀረውን ሠራ።

በነገራችን ላይ የትኛው ብረት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ግራይንደር ላይ ትንሽ ማስነካት ይበቃል። የተራው ብረት ፍንጣሪ ረዘም ብሎ ቀጥ ያለ ነው፤ ካርቦን የበዛበት ደግሞ ጫፉ ላይ እንደ ርችት ይበታተናል። ደባርቅ ላይ ይህን ያሳየኝ በያጅ ዕድሜው ሃያ አምስት አይሞላም።

ነፋስ ስንት ኪሎ ነው?

ሰዎች “በሠላሳ አምስት እየነዳህ እንዴት ኮፈን ይነሣል?” ይሉኛል። መልሱን በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥር ሙያዬ ነው።

ነፋስ በአንድ ነገር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ ይሆናል። ሳንቃ በር ወደ 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ወለል ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። በዚህ በሳሳ አየር እንኳን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። 80 ሲሆን 22 ኪሎ ይደርሳል። የእኔ መኪና ኮፈን ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

ዳሽቦርዱ 35 ይላል። ነገር ግን ነፋሱ ፊት ለፊት በ45 ቢመጣ፣ ለኮፈኑ መኪናዋ በ80 እየሄደች ነው። ኮፈኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው። ባልዲ ውኃ የሚያክል ግፊት ከሥሩ ሲገባ እንዴት አይነሣ? ትርፍ ጎማው በቦታው ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ኪሎ ያህል ሆኖ ይጫነው ነበር። እኔ ግን ጠባቂውን በገዛ እጄ አውርጄዋለሁ።

መኪና ሠሪዎች ይህን አደጋ ጥንትም ያውቁታል። አዲስ አበባ የምታውቀው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ኮፈኑ የሚከፈተው በተቃራኒው ነው፤ ማጠፊያው ከፊት፣ መክፈቻው ከመስታወቱ በኩል። መያዣው ቢለቅ እንኳን ነፋሱ ራሱ ይዘጋዋል። አሜሪካም ከ1969 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ፣ ሲከፈት የሾፌሩን እይታ የሚጋርድ ኮፈን ሁሉ ሁለተኛ መያዣ እንዲኖረው በደንብ አስገደደች። የመጀመሪያው ቢለቅ ሁለተኛው እንዲይዘው። አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ኮፈን ስንከፍት ጣታችንን አስገብተን የምንፈልጋት ትንሽ ምላስ ሥራዋ ይኸው ነው። በአሮጌ መኪና ላይ በእጅ የተሠራ ማጠፊያ የሚገጥም ሰው ይህቺን ሁለተኛ መያዣ ከረሳ፣ ሥራው ገና ግማሽ ነው።

የስካውቱ ትምህርት

ከገደሉ አፍ መኪናዋን ገፋ አድርገን ካቆምን በኋላ አንድ በቅሎ ነጂ ደረሰልን። ከበቅሎው ጭነት ላይ መጫኛ ፈትቶ ኮፈኑን ከፊት ፓራውልቱ ጋር ጠፍሮ አሰረልን። ገንዘብ ልሰጠው ብል “መጫኛዬን ደባርቅ ስትደርስ መልስልኝ እንጂ…” ብሎ ሄደ። ያን ዕለት በጠፍር ታስራ የተመለሰችው መኪና በጋራዥ ብየዳ ከወጣችው ይልቅ አስተማማኝ ነበረች።

ስካውቱ የተሰበረችውን ብረት እያገላበጡ አዩ። ከዚያ የተረፈውን የግራ ማጠፊያ አዩ። እንደገና ወደ ቀኙ ተመለሱ።

“ልጄ፣ እኔ መኪና አላውቅም” አሉኝ። “የቤቴን ሳንቃ ግን ራሴ ነኝ የሠራሁ። ይኸ የላይኛውና የታችኛው ጉጥ በአንድ ያልቆመ በር ነው። እንዲህ ያለ በር ሲከፍቱት ይጮሃል፣ ሲዘጉት ይታገላል፤ ኋላ አንዱን ጉጥ ይበላዋል።”

ስለምን እንደሚናገሩ ለከተማ ልጅ ላስረዳ። በገጠር የድሮው በር የብረት ማጠፊያ የለውም። ሳንቃው በአንድ ጎኑ ከላይና ከታች ጉጥ ይወጣለታል፤ ጉጦቹ ከላይ በጉበኑ፣ ከታች በመድረኩ በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይዞራሉ። ሚስማር የለ፣ ብሎን የለ። በሩ ዘመን የሚቆየው ሁለቱ ጉጦች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ስለሆኑ ብቻ ነው። የእኔ ኮፈንም ያው ሁለት ጉጥና ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ልዩነቱ ጎን ለጎን መተኛቱ ብቻ። “ሳንቃ በር” በሚባል ቦታ ይህን መማሬ ኋላ ላይ ብዙ አሳቀን፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

የተናገሩት እውነት ነበር። ጋራዡ የቀኙን ማጠፊያ ሲሠራ ከግራው ጋር አላስተያየውም። በሁለቱ መካከል የጣት ውፍረት የማይሞላ መዛነፍ ነበረ። ኮፈኑን በከፈትኩና በዘጋሁ ቁጥር፣ መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር፣ ሁለቱ ማጠፊያዎች እርስ በርስ ይጣመዛሉ። ባሌስትራው በዚያ ላይ ደረቅ ነበር። ለስላሳም ቢሆን ግን ተጣሞ ይቀር ነበር። ስለዚህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ማጠፊያ ብረት ብቻ አይደለም፣ መስመር ነው። መጀመሪያ መስመሩን ያገኘ ሰው በማናቸውም ደህና ብረት ይሠራዋል። መስመሩን ያላገኘ ሰው ግን በምን ዓይነት ብረትም ቢሠራው አይድንም።

ደባርቅ፣ ሁለት ቀን

በነጋታው ደባርቅ ውስጥ ያ ወጣት በያጅ ሥራውን ተቀበለን። ገና ስንጀምር መብራት ጠፋ። እስከ ቀትር ጠበቅን፤ አልመጣም። በያጁ ራሱ “ኑ፣ አባባ ዘንድ እንሂድ” ብሎ ከከተማው ዳር በወናፍ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ብረት ሠሪ ወሰደን። መብራት በመጥፋቱ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ትክክለኛውን ሥራ ያየሁት እዚያ ነውና።

አባባ ብረቱን አልበየዱም፤ አጠፉት። ጋራዥ ውስጥ ያለው ቋንቋ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ኮፈን፣ ላሜራ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞርሳ፣ ካቻቪቴ፣ ባሌስትራ። በወረራው ዘመን የሊማሊሞን መንገድ ተራራ ቆርጦ ያወረደው ጣሊያን መንገዱንም ቃሉንም ትቶልን ሄዷል። “ማጠፊያ” ግን የራሳችን ቃል ነው። ለካ ስሙ አሠራሩን ይናገራል፤ ጠፍጣፋ ብረት ግሎ በዘንግ ላይ ሲታጠፍ ቀለበት ይሠራል፣ ቀለበቱ ውስጥ ፒን ሲገባ ማጠፊያ ይሆናል። ብየዳ የለበትም፤ ብየዳ ከሌለ ከብየዳ ጎን የሚሰነጠቅ ነገርም የለም።

የሠሩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ መስመሩን አገኙ። ከመኪናዋ ወርድ የሚረዝም፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግ አመጡ። ቀጥ ማለቱን ያረጋገጡት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንከባልለው ነው፤ የተጣመመ ዘንግ ሲንከባለል ይዘላል። ዘንጉን ማጠፊያዎቹ በሚቀመጡበት ቦታ ከዳር እስከ ዳር አጋደሙት። ከዚህ በኋላ የተሠራው ሁሉ የተለካው በዚህ ዘንግ ነው። ደህናውን የግራ ማጠፊያም አስወለቁኝ። “አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ከሆነ አይስማሙም” አሉ።

ሁለተኛ፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 4 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ተራ ጠፍጣፋ ብረት መረጡ። በከሰል እሳት ብርቱካን እስኪመስል አግለው ጫፉን በዘንጉ ላይ እየቀጠቀጡ ጠመዘዙት። አራት ቀለበት ሠሩ፤ ሁለቱ ለኮፈኑ፣ ሁለቱ ለመኪናዋ። ውኃ አላስነኩትም። አመድ ውስጥ ቀብረው በራሱ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። እኛም ቡና ጠጣን።

ሦስተኛ፣ ፒኑ። ለዚህ የተጠቀምነው ከከባድ መኪና የወጣ ትልቅ ብሎን ነው። ብሎን ስትመርጡ ራሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 8.8 የሚል ከሆነ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ወደ 80 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ ይችላል ማለት ነው። ለኮፈን ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም ተራ ብሎንም ቢሆን በኮፈን ክብደት አይቆረጥም፤ ፒን የሚያልቀው በመበላት ነው። ስለዚህ ከጥንካሬው ይልቅ ልስላሴው ይበልጣል። ቀለበቱ ውስጥ የሚያርፈው የብሎኑ ለስላሳ አንገት መሆን አለበት። ጥርሱ ውስጥ ከገባ እንደ ሞረድ ቀዳዳውን ይበላዋል። በዚሁ ምክንያት ፌሮ ለፒን አይሆንም። በፒኑና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ በእጅ የሚዞር ግን የማይንገጫገጭ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቶርኖ ቤት ሄዶ ከነሐስ ቀጭን ቱቦ አስቆርጦ በመካከል ቢያስገባበት የበለጠ ይቆያል፤ ሲበላም የሚለወጠው ነሐሱ ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፣ ብረትና አሉሚኒየም በቀጥታ እንዳይነካኩ ማድረግ። ይህን ያወቀው ወጣቱ በያጅ ነው። ሁለቱ ማዕድኖች ተጣብቀው እርጥበት ሲያገኙ እንደ ደካማ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚበላው ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው። በአሮጌ ላንድሮቨር ብሎኖች ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄት ይኸው ነው። የሰሜን ክረምትና ጉም ባለበት አገር ይህ ቶሎ ይሠራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ በማጠፊያውና በኮፈኑ መካከል ማስገባት፣ ብረቱንም አስቀድሞ ቀለም መቀባት። ከኮፈኑ ውስጥ ደግሞ ሰፊ ላሜራና ሰፊ ሮንዴላ ይደረጋል፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ጠባብ ብሎን ይቀደዋል።

አምስተኛ፣ የኮፈኑ ቀዳዳዎች ክብ ሳይሆን ሞላላ ሆኑ። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ያህል ነው። ሞተሩ ሲግልና የሌሊቱ ብርድ ሲመጣ በአንድ ሜትር ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ሞላላ ቀዳዳ ለዚህ ቦታ ይሰጣል። ለማስተካከልም ይረዳል፤ ብሎኖቹን ሁሉ ላላ አድርጎ ማስገባት፣ ረጅሙን ዘንግ በአራቱም ቀለበት አሳልፎ መስመሩን ማረጋገጥ፣ ኮፈኑን ዘግቶ ከፊት መያዣው ጋር ማስማማት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማጥበቅ። ዘንጉን ያወጣነው በመጨረሻ ነው፤ በቦታው ብሎኖቹ ገቡ። ዳዶው በራሱ እንዳይፈታ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ አጠበቅን።

ስድስተኛ፣ ሁለተኛው መያዣ። ጎንና ጎን ሁለት የቆዳ ማሰሪያ ከነዘለበቱ አደረግንበት። ሐሳቡ ከበቅሎ ነጂው መጫኛ የመጣ ነው። መኪናዋን ያዩ ወዳጆቼ “ኮርቻ ጫንክባት እንዴ?” ይሉኛል። ይበሉ።

ግሪስ አብዝተን እንቀባ ስል አባባ ከለከሉኝ። አቧራ ባለበት መንገድ ግሪስ አቧራውን ይዞ እንደ ሞረድ ይሆናል። ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጎ የተረፈውን መጥረግ ይበቃል።

ቀጥቃጭ ማን ነው?

አንድ ነገር ግን አንገብግቦኛል። ሥራው አልቆ ዳባት ዘመድ ቤት ስናድር የሆነውን ሁሉ ተረክሁ። አስተናጋጄ በመጨረሻ “ታዲያ ቀጥቃጭ ቤት ዋልክ በለኛ!” ብሎ ሳቀ። ገበታው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። በአካባቢው ይህ ቃል ሙያ ብቻ እንዳልሆነ የማያውቅ የለም። “ቡዳ” ከሚለው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስድብ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውን ባለእጅ በሙያው መስደብን አጥብቀው ኮንነዋል። የሚገርመው በዚያው በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አዲስ አበባ መግባታቸው ነው። መኪናውን ተቀበልነው። አዋጁን ግን ሰምተን እንዳልሰማን ሆንን። በጎንደርና በሰሜን ለዘመናት ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም በተደረጉት ትልልቅ ጉዞዎችና ከዚያም ወዲህ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከእነርሱ ጋር ምን ያህል እጅ አብሮ እንደሄደ የሚገባን አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ወናፍ ፍለጋ ስንወጣ ነው።

እኔንም ጭምር እወቅሳለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ግራይንደሩ የሚጮኽበት ጋራዥ ነው፤ ጩኸቱ ዘመናዊ ስለመሰለኝ። አባባ ባለ ወናፉ ግን ካርቦን የሚለውን ቃል ሳያውቁ ውኃ ማስነካት እንደሌለባቸው ያውቁ ነበር።

ራስዎ ሊያሠሩ ቢነሡ

ይህ ጉዳይ የእኔና የአሮጌ መኪና ወዳጆች ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የመለዋወጫ ዋጋም ከምንዛሪው ጋር ወጥቷል። በእጃችን ያሉት መኪናዎች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ሊያገለግሉን ነው። ስለዚህ ማጠፊያም ይሁን ሌላ ነገር በአገር ውስጥ ማሠራታችን አይቀርም። ያኔ ሦስት ነገር ይጠይቁ።

መስመሩ የቱ ነው? ባለሙያው ከመቁረጡ በፊት ዘንግ ወይም ሲባጎ ካልዘረጋ ያስቁሙት። ሲያልቅም ኮፈኑን በሁለት ጣት ያንሡት፤ በየትኛውም ቦታ ከታገለዎት መስመሩ አልተገኘም።

ብረቱ ምንድን ነው? “ባሌስትራ ነው፣ አይሰበርም” ከተባሉ የሳንቃ በርን መንገድ ያስታውሱ።

ይህ ቢለቅ ምን ይይዘዋል? ለዚህ መልስ ከሌለ አይውጡ።

ከሁሉ በላይ ግን “ለጊዜው” የሚለውን ቃል ከአፍዎ ያውጡት። ለጊዜው የተሠራ ነገር ጊዜው ማብቃቱን ማንም አይነግረውም።

ኮፈኑ ከተከፈተብኝ በኋላ ወደ ሳንቃ በር ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ በተመለስኩ ጊዜ እኒያው ስካውት ከመኪናዋ ፊት ቆሙ፤ ሰላምታ ሳይሰጡኝ ኮፈኑን ከፍተው ዘጉት። እንደገና ከፍተው ዘጉት። ድምፅ አልነበረውም።

“አሁን በር ሆነ” አሉና ጠመንጃቸውን ይዘው ከጎኔ ገቡ።